ስለ ከተማ መታደስና ስለ ስሙ መለወጥ

ከተማ ሲታደስ ከቤቱ ጋራ ስሙም የሚለወጥበት ጊዜ አለ። የአዲስ አበባው አራዳ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ታላቅ ገበያ ይውል ነበር፤ ስፍራውም አራዳ ይባል ነበር። ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማውን በያዙ ጊዜ የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አራቁት፤ የቀድሞው ስፍራ ፒያሳ፥ አዲሱም ገበያ መርካቶ ተባለ። ጠላት ከወጣ በኋላ ስሙ ጸና፤ ሕዝቡም የራሱ አደረገው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፋ፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ሰፊ መንገድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት ሲለያይ ዕድሩ ይበተናል። የፈረሰ ቤት ይሠራል፤ የተበተነ ዕድርና የተረሳ ስም ግን በድንጋይ አይመለስም። ስለዚህ፥ ተማሪ ሆይ፥ የሰፈርህን የጥንት ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀህ ጻፍ።