ስለ ዱር እንጉዳይ፤ የሚበቅልበት ስፍራና የሚበላው ከማይበላው የሚለይበት ምልክት

ለክቡራን የአገር ገዥዎች፥ ለባለመሬቶችና ለወረዳ ሹማምንት።

ዝናም መሬቱን ካረሰረሰው በኋላ በየሜዳውና በየዱሩ ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው እንጉዳይ፥ በአንዳንድ ስፍራም የጅብ ጥላ የሚባለው፥ ለሰው መልካም ምግብ ለመሆን ይችላል፤ ሳይለይ የበላውን ግን ከነቤተ ሰቡ ለሞት ያበቃዋል። እንጉዳይ የሚበዛበት ወራት ደግሞ የጐተራው እህል አልቆ የማሳው ገና ያልደረሰበት ወራት ነው። በዚህ ጊዜ የተቸገረ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይለቅማልና ነገሩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የአገር አስተዳዳሪም ጉዳይ መሆኑ የታወቀ ይሁን።

በምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚኖሩ ሕዝቦች፥ ይልቁንም መዠንግሮች፥ የሚበላውን ከማይበላው እየለዩ ሲመገቡት የቆዩ ናቸው። በደጋው አገር ግን ብዙው ሰው አይደፍረውም። ባለማወቅ ከመድፈር በፍርሃት መተው ይሻላልና ይህን የሚነቅፍ ሰው ተሳስቷል፤ ሆኖም ከሁለቱም ማወቅ ይበልጣል።

እዚህ የምንናገርለት እንጉዳይ ቆብ ያለው፥ በቆቡም ሥር እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩ ስስ ንጣፎች ያሉት ነው። ከነዚያ ንጣፎች መካከል በዓይን የማይለይ ብናኝ ይረግፋል፤ እርሱም ዘሩ ነው። እንጉዳይ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት አይችልም፤ ስለዚህ ከበሰበሰ እንጨት ወይም ከፍግ ይመገባል፥ ወይም ከሕያው ዛፍ ሥር ጋራ ተጣምሮ ይኖራል። የሚበቅልበትን ስፍራ ማወቅ የወገኑን ግማሽ ማወቅ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ለአገራችን ከሁሉ የሚጠቅመው የኩይሳ እንጉዳይ ነው። ምስጥ ያኘከውን እንጨትና ሣር ወደ ቤቱ አግብቶ እንደ ማር እንጀራ ያለ ነገር ይሠራበታል፤ በዚያም ላይ እንጉዳዩ ይበቅላል፥ ምስጡም ይመገበዋል። ምስጥ ገበሬ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዝናም በጣለ ጊዜ ያ እንጉዳይ መሬቱን ሰንጥቆ ከኩይሳው ላይና ከአጠገቡ ይወጣል። የፈረንሳይ አገር ሊቅ ሮዤ ኤም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ቴርሚቶሚሴስ የሚል ስም ያወጣለት ይህ ወገን ከአፍሪካና ከእስያ በቀር በሌላ ክፍለ ዓለም አይገኝም። ከወገኑ አንዳንዱ የጣት ራስ ከሚያህል ቆብ የማይበልጥ ሲሆን፥ በ1980 ከዛምቢያ ተገኝቶ የተጻፈው ግን የቆቡ ስፋት እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። በዛምቢያና በጎረቤቶቿ በክረምት በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል።

ይህን የሚለየው ዋና ምልክት ሥሩ ነው። እግሩ ከመሬት በላይ አያበቃም፤ እንደ ረጅም ሥር ሆኖ እስከ ምስጡ ቤት ይወርዳል። የብናኙም ቀለም ወደ ጽጌረዳነት ያደላ ነው። በኩይሳ አጠገብ መብቀሉ ብቻ ግን ምስክር አይሆንም፤ ለቃሚው እየቈፈረ የሥሩን መውረድ ማየት አለበት። በወለጋ ምዕራብ ምስጥ እህልንና ቤትን ሲያጠፋ የኖረ ስለሆነ፥ በማሳ ያለውን ኩይሳ አታፍርሱ ብለን አንመክርም። በግጦሽና በደን ዳር ያለውን ግን ያለ ምክንያት ማፍረስ በየዓመቱ የሚገኘውን ምግብ ማጥፋት ነው።

ከብት በሚውልበት ሣር ላይ የሚበቅለው የሜዳ እንጉዳይ ቆቡ ነጭ ሲሆን፥ ንጣፎቹ በልጅነቱ ጽጌረዳ፥ ሲያረጅ ጥቁር ቡናማ ይሆናሉ፤ በእግሩም ላይ ቀለበት አለው፤ ይህ ይበላል። በመልክ የሚመስለው ሌላው ግን የእግሩ ግርጌ ሲቈረጥ ወዲያው ቢጫ ይሆናል፥ እንደ ቀለምም ይሸታል፤ ሆድን ያውካል። ከዚህ የሚከፋው በሙቅ አገር ሣር ላይ እንደ ጥላ የሚዘረጋው ትልቅ ነጭ እንጉዳይ ነው። መልኩ ያማረ ስለሆነ ብዙ ሰው ያስታል፤ የበላውንም ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በብርቱ ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋልም። ምልክቱ ብናኙ አረንጓዴ መሆኑ ነው።

ብናኝ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ቆቡን ከእግሩ ቈርጦ ንጣፉን ወደ ታች አድርጎ ግማሹን በነጭ፥ ግማሹን በጥቁር ወረቀት ላይ ማኖር፥ በብርጭቆ ከድኖም ማሳደር ነው። ይህ ወገኑን ለመለየት ይረዳል እንጂ ይበላል ብሎ አይመሰክርም።

ገዳዩ አማኒታ የሚባለው ነው። ንጣፎቹ ነጭ፥ በእግሩ ላይ ቀለበት፥ በግርጌውም በአፈር ውስጥ የተሰወረ ከረጢት አለው። ሰው ከመሬት በላይ ቈርጦ ሲወስደው ዋናው ምልክት በአፈር ውስጥ ይቀራል፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። የዚህ ወገን ክፉው፥ የአውሮፓው አረንጓዴ ቆብ፥ ከአንዱ ቆብ ግማሹ ብቻ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ለመግደል ይበቃል። ሕመሙ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም በማግሥቱ ነው። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ለአንድ ቀን ያህል የዳነ ይመስላል፤ በዚያው ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱን እያጠፋው ነው። ዘመዶች ዳነ ብለው ከሐኪም ቤት የሚያወጡት በዚህ ቀን ነውና ሹማምንት ይህን አጥብቃችሁ አስረዱ።

ብር መርዛም እንጉዳይ ሲነካ ይጠቁራል፤ ትል የበላው ለሰውም ይሆናል፤ በጨው ከተቀቀለ መርዙ ይለቃል የሚባለው ሁሉ ሐሰት ነው። የአማኒታን መርዝ እሳትም፥ ፀሐይም፥ ጨውም አያሸንፈው። በግብረ ሐዋርያት ስሙ የተጠራው ቀላውዴዎስ ቄሣር በ54 ዓመት በእንጉዳይ ተመርዞ ሞተ ብለው የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል፤ በማዕዱም የብር ዕቃ አልጐደለም ነበር።

የችግኝ ነገርም አለ። አረንጓዴ ቆብ የሚኖረው ከዛፍ ሥር ጋራ ተጣምሮ ስለሆነ፥ ከአውሮፓ የባሉጥ ዛፍ ከነአፈሩ በሄደ ጊዜ እርሱም አብሮ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ አውስትራልያ ገብቷል። በካንቤራ ከተማ በ2012 መባቻ ከዚህ እንጉዳይ የተበሰለ ማዕድ የበሉ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በአገሩ የሚያውቀውን የሚበላ እንጉዳይ ያገኘ መስሎት በባዕድ ምድር የሚለቅም ሰው በዚህ ይሳሳታል። ስለዚህ ከውጭ አገር ችግኝ ከነአፈሩ የሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ ያስመርምር፤ በተተከለው ደን ሥር አዲስ እንጉዳይ ሲታይም፥ ከቀድሞው ጋራ ቢመሳሰልም፥ ሕዝቡ እንዳይበላው ይነገረው።

እንጉዳይ በልቶ የታመመ ሰው ሲገኝ ሕመሙ ይለይለት ተብሎ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። አብረውት የበሉትም፥ ደኅና ነን ቢሉ እንኳ፥ ይሂዱ። የበሉበትንና የታመሙበትን ሰዓት ጽፎ መላክ ለሐኪሙ እጅግ ይጠቅመዋል። የተረፈው እንጉዳይ፥ ጥሬም ሆነ የተቀቀለ፥ በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይላክ፤ በላስቲክ ከረጢት ከተጨመረ ግን መንገድ ላይ ይበሰብስና መልኩ ይጠፋል። ጥሬ ከሆነ ከነግርጌው ተቈፍሮ ይውጣ፤ ከየትኛው ዛፍ ሥር ወይም ከየትኛው ሜዳ እንደተገኘም በወረቀቱ ላይ ይጻፍበት።