ያውቁ ኖሯል? የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ወንበር ከልደታ እስከ ቻፕል ሂል

(ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ እግር ኳስ የእሱን ያህል ዋንጫ ያነሣ አሠልጣኝ የለም፤ ይህ ሰው ልጅ ሳለ አዲስ አበባ መኖሩን ያውቁ ኖሯል? አንሰን ዶራንስ ይባላል። በ1951 ቦምቤይ ተወለደ። አባቱ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊ ስለነበሩ ቤተሰቡ ከአገር አገር ሲዞር ናይሮቢንም፣ የእኛን ከተማም፣ ሲንጋፖርንም አይቷል። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው ስዊዘርላንድ ነው። ቤዝቦልና ቅርጫት ኳስ የነገሡባት የአሜሪካ ሰው ሆኖ ሳለ የእግር ኳስ ፍቅር ያሰከረው ይህ ዙረት ይመስለኛል። የልደታ ልጆች «የእኛን ሜዳ ረግጦ ነው የሄደው» ብለው ቢፎክሩ አልፈርድባቸውም።

ጠበቃ ሊሆንም ነበር። የሕግ ትምህርቱን ጀምሮ ሳይጨርስ ነው ፊሽካ ያነሣው። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ፋይል ታቅፎ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው፣ አንድ ባለሙያ ከዚህ ዓይነቱ ሕይወት እንዴት እንዳመለጠ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሥራውን እንዴት አገኘው? በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የወንዶቹን ቡድን ያሠለጥን ነበር። ቻፕል ሂል በምትባለው ከተማ ያሉ ሴት ተማሪዎች በራሳቸው ጊዜ ቡድን አቋቁመው ሲጫወቱ ቆዩና «ዩኒቨርሲቲው በይፋ ይቀበለን» ብለው ጠየቁ። የስፖርት ኃላፊው ጥያቄውን ፋይል ውስጥ አልከተተውም፤ ዶራንስን ይዞ ሄዶ ጨዋታቸውን ተመለከተ። ከዚያ ያሠለጥናቸው እንደሆነ ጠየቀው። ዘመኑ 1979 ነው። ዶራንስ ለአሥር ዓመት ያህል ወንዶቹንም ሴቶቹንም አንድ ላይ ይዞ ቆየ።

ከዚያ ወንበር የተነሣው በ2024 ነው። 45 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ከ900 በላይ ጨዋታ አሸነፈ፤ በአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ውድድር 21 ዋንጫ ወሰደ። የማኅበሩ የሴቶች ውድድር ከመጀመሩ በፊት በ1981 ያገኘው ሲጨመር 22 ይሆናል። ከ1986 እስከ 1994 ደግሞ በተከታታይ 9 ዓመት ሻምፒዮን ነበር። በእኛ አገር አሠልጣኝ ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ ከተሸነፈ ሻንጣውን ማዘጋጀት ይጀምራል። ስለዚህ እኔን ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚገርመኝ 45ቱ ዓመት ነው።

ሁሉንም የቀየረው ሕግ ስለ ስፖርት አንዲት ቃል እንደማይናገርስ? በ1972 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሚለው፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በፆታ ማዳላት እንደማይችል ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለአሜሪካን ፉትቦል ብዙ ወንዶች ይመለምላሉ። ያንን የሚያመጣጥን ብዙ ሴቶች የሚሰለፉበት ስፖርት ሲፈልጉ እግር ኳስን አገኙ። ዛሬ በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ ከ330 በላይ የሴቶች ቡድኖች አሉ። ከ330 በላይ የዋና አሠልጣኝ ወንበር ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ልብ ይበሉ፣ ወደ አገር ቤት ስንመጣ ያስፈልገናል።

የዶራንስ የልምምድ ስልት ከእግር ኳስ የመጣ አይደለም። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ዲን ስሚዝ የልምምዱን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ያስመዘግብ ነበር። ዶራንስ ይህን ወስዶ አከረረው። ሩጫውም፣ አንድ ለአንድ ግጥሚያውም፣ የግብ ሙከራውም በቁጥር ይያዛል፤ ከዚያ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ወጥቶ ይለጠፋል። ሴት ልጅ ከጓደኛዋ ጋር መፎካከር ይከብዳታል የሚባለውን ወሬ በሰሌዳ ላይ ሊያፈርሰው ፈለገ። ጭካኔ ነው የሚሉ አልጠፉም። እኔም የመጨረሻዋን ስም ሳስብ ትንሽ ይቆረቁረኛል።

ሚያ ሃም ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን መጫወት የጀመረችው በ15 ዓመቷ በ1987 ነበር፤ ያሰለፋት ያኔ ብሔራዊ ቡድኑንም ያሠለጥን የነበረው ዶራንስ ነው። ኋላም ወደ ዩኒቨርሲቲው ወሰዳት። አንድ ማለዳ በመኪናው ሲያልፍ ብቻዋን ላብ በላብ ሆና ስትሮጥ አያትና ማስታወሻ ጻፈላት የሚባለው ታሪክ እስከ ዛሬ በአሜሪካ መልበሻ ክፍሎች ይነገራል።

የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ጨዋታ 90 ሳይሆን 80 ደቂቃ ነበር። ቻይና፣ 1991። አሜሪካ በፍጻሜው ኖርዌይን 2 ለ 1 ረታች፤ ሁለቱንም ግብ ሚሼል ኤከርስ አስቆጠረች። የቡድኑ አሠልጣኝ? ዶራንስ፣ የኮሌጅ ሥራውን ሳይለቅ።

በአሜሪካ ኮሌጅ ጨዋታ የስታዲየሙ ሰዓት ወደ ዜሮ እየቆጠረ እንደሚወርድ፣ ተቀይራ የወጣች ተጫዋችም ተመልሳ ልትገባ እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? ለዚህ ነው የኮሌጅ አሠልጣኝ ተቀያሪ ወንበሩን እንደ ሁለተኛ ቡድን የሚጠቀምበት።

ያልተወለወለውንም ገጽ እንግለጥ። በ1998 ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾች ዶራንስን ከሰሱት፤ ስለ ተጫዋቾቹ የግል ሕይወት ተገቢ ያልሆነ ንግግር ይናገር ነበር ብለው። አንዱ ክስ በ2004 በስምምነት ተዘጋ፤ ሁለተኛው በ2008 በ385,000 ዶላርና በይቅርታ ደብዳቤ አለቀ። ይህን ዘልሎ የዋንጫ ቁጥር ብቻ የሚደረድር ጽሑፍ ካዩ ይጠርጥሩ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የሴቶች ፕሪሚየር ሊጋችን ውስጥ የተጫወቱትን ቡድኖች ስም ይቁጠሩ፤ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ፣ መቻል፣ ደደቢት፣ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ። ባንክ፣ መብራት፣ ሠራዊት፣ ከተማ አስተዳደር። በዝርዝሩ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የለም። ልደታ ግን አለች፤ ልደታ ክፍለ ከተማ በራሱ ስም የሚጫወት የሴቶች ቡድን ካላቸው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። የጥቁር አንበሳ የሕክምና ተማሪዎች በሚማሩበት በዚሁ ክፍለ ከተማ የሴቶች አሠልጣኝ ደመወዝ የሚወጣው ከአስተዳደሩ እንጂ ከኮሌጅ አይደለም። እዚያ ከ330 በላይ ወንበር ዩኒቨርሲቲዎች ይሸከማሉ፤ እዚህ ግን ሌላው ይሸከማል። በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚታጠፈው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አንድ ባንክ ግን ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ አሳየን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች በ2021 ናይሮቢ ላይ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ፍጻሜ በኬንያው ቪሂጋ ክዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2023 ኡጋንዳ ውስጥ እንደገና ፍጻሜ ደርሰው በታንዛኒያው ጄኬቲ ክዊንስ በመለያ ምት ተረቱ። ሁለት ጊዜ ከበር ላይ ቢመለሱም አሠልጣኙ ያው ነበር፤ ብርሃኑ ግዛው። ሌላ ቦታ ቢሆን «ፍጻሜ ላይ የሚወድቅ» ተብሎ ስሙ ይጠፋ ነበር። በ2024 ውድድሩ አዲስ አበባ መጣ፤ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ንግድ ባንክ በፍጻሜው ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን አሸነፈ። በሴቶች የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ የሆነው በዚህ ነው። ሞሮኮ ላይ ከናይጄሪያው ኤዶ ክዊንስ፣ ከደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስና ከግብጹ ማሳር ጋር ተመድቦ ከምድቡ አላለፈም። ቢሆንም ባንኩ በሁለቱ ሽንፈቶች መካከል ያደረገውን፣ ማለትም ምንም አለማድረጉን፣ እንደ ትልቅ ውሳኔ እቆጥረዋለሁ።

ብርሃኑ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ሉሲዎቹንም፣ በዋና አሠልጣኝነት መርቷል። ሉሲዎቹ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። በ2012 ደግሞ አብርሃም ተክለሃይማኖት ይዟቸው ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደው ነበር።

ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ በንግድ ባንክና በማልታው ቢርኪርካራ ተጫውታ፣ በ2024 ዋሺንግተን ከተማ ያለውን ዲሲ ፓወር ተቀላቀለች። አሜሪካ ውስጥ ወደ ፕሮፌሽናል ክለብ የሚወስደው የተለመደ መንገድ ኮሌጅ ነው። ሎዛ ያንን መንገድ ሳትረግጥ ነው የደረሰችው።

ወንዶችን ያሠለጠነች ሴትስ? መሠረት ማኒ የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን በዋና አሠልጣኝነት መርታለች። ወንድ የሴቶችን ቡድን ሲይዝ ማንም ዘወር ብሎ አያይም፤ የእሷ ግን እስከ ውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን ዜና ሆነ።

የዶራንስ የቀድሞ ተጫዋቾችም ወንበር ወርሰዋል። የ1991ዱ አምበል ኤፕሪል ሃይንሪክስ በ2004 አቴንስ ላይ አሜሪካን ለኦሎምፒክ ወርቅ ያበቃች ዋና አሠልጣኝ ሆነች። ሲንዲ ፓርሎው ኮን ፖርትላንድ ቶርንስን አሠልጥና በ2013 የሊግ ዋንጫ ወሰደች፤ በ2020 ደግሞ የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነች።

ዶራንስ ጡረታ መውጣቱን ያስታወቀው የ2024 የውድድር ዘመን ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ነበር፤ ንግድ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ለዋንጫው የተጫወተው በዚያው በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ነው። ወንበሩን በጊዜያዊነት የያዘው ምክትሉ ዴመን ናሃስ በታኅሣሥ ዌክ ፎረስትን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ጊዜያዊ የሚለው ቅጽል ብዙም ሳይቆይ ከማዕረጉ ተነሣ።