የደከመ እግር በልክ ይሠራል

በመካነ ሰላም ዙሪያ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ገበያ ደርሶ ለመመለስ ጤነኛ እግርም ይዝላል። በልጅነቱ ልምሻ የመታው ሰውማ እንዴት ይሁን?

በምናስተምርበት የማታ ትምህርት አንዲት እናት አሉ። አንድ እግራቸው ቀጭን ነው፤ በምርኩዝ ይሄዳሉ። አንድ ቀን «ልጆቼ፣ እግሬ ከድሮው ይልቅ ከዳኝ» አሉን። እኛም «ይበርቱ እማማ! በሄዱ ቁጥር ይጠነክራል» አልናቸው። አመኑን። ዳገቱን በቀን ሁለት ጊዜ ወጡት። ከዚያ ሦስት ማታ ከትምህርት ቀሩ። እግራቸው አላነሣ ብሏቸው ተኝተው ነበር።

አፈርን። ሄደን የጤና ባለሙያ ጠየቅን።

ልምሻ የሚመጣው ፖሊዮ ከሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና እጅ ይተላለፋል። በአከርካሪ ውስጥ ያሉትን፣ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች ይገድላል። የተረፉት ነርቮች የሞቱትን ሥራ ደርበው ይይዛሉ። ጓደኛው የሞተበት በሬ ብቻውን ሲያርስ አስቡት። ያርሳል፤ ግን ይደክማል። ስለዚህ ከ15 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ በብዙ ሰው ላይ አዲስ ድካም ይመጣል። ያን በሬ ብንገርፈው ይወድቃል። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ጨርሶ መቀመጥም አይበጅም። ያልሠራ ጡንቻ ይሰልላል።

እንግዲህ መደብ ላይ ተቀመጡ። እግራችሁ ይንጠልጠል። ጉልበታችሁን ቀስ ብላችሁ ዘርጉ። እስከ 5 ቁጠሩና ቀስ ብላችሁ መልሱ። 5 ጊዜ ይበቃል። ሳይደክማችሁ አቁሙ። በማግስቱ እረፉ። በማግስቱ ካመማችሁ ወይም እግሩ ከበፊቱ ከዛለ በዝቷል፤ ቀንሱት። ጭራሽ የማይንቀሳቀሰውን እግር አታስገድዱት። ጅማቱ እንዳያጥር ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚቱን በቀስታ ያጥፍላችሁ፣ ይዘርጋላችሁ።

ምርኩዝ የሚያዘው ከደካማው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይስተዋል፤ እኛም አናውቅም ነበር። የእግር መደገፊያ ለሚያስፈልገው ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ድካሙ ከባሰ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እኒያ እናት አሁን በበቅሎ ይመጣሉ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘረጋሉ። ቁጥር ስለተማሩ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አንዳንዴ 5 አልፈው 6፣ 7 ይላሉ። እኛም «ይብቃዎ እማማ» እንላለን።