ፌንጣን ለዶሮ፤ እንቁላልን ለሕፃን

ክቡር አዘጋጅ፤

ፌንጣ በቤት ውስጥ ስለ ማርባት የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ከቀልድ የራቀ ስለ ሆነ የተከበሩ አንባብያን እስከ መጨረሻው እንዲከታተሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የሚገኘው የባንኮ ጎቲቲ ስም በቡናው ባሕር ተሻግሯል። ገበሬው እንሰቱን፥ ቡናውንና የጥላ ዛፉን በተዳፋት ላይ አስማምቶ የሚያለማበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ብዙ፥ መሬቱ ጠባብ ነው። ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በመከር ጊዜ ሲሆን የዘወትሩ ጉርስ ቆጮ ነው፤ ቆጮም ኃይል ይሰጣል እንጂ ሰውነት ገንቢው ፕሮቲን በውስጡ ጥቂት ነው። በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በጎቲቲ ተጠልለው ሳሉ፥ በ2011 ዓ.ም. ሕፃናት በምግብ እጥረት መጎዳታቸውን ሰምተን አዝነናል። የሕፃን ምግብ ግን ሁልጊዜ ከጭነት መኪና ላይ እስኪወርድ ሊጠበቅ አይገባውም።

ታዲያ መሬት ሳይጨመር ገንቢ ምግብ ከየት ይገኛል? የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በታይላንድ 20 ሺህ ያህል ፌንጣ አርቢዎች እንዳሉ ገልጿል። በጎረቤታችን በኬንያም በቦንዶ ከተማ ያለው የጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ዩኒቨርሲቲ ይመራመርበታል። የሚረባው ማታ ማታ ሲጮህ የምንሰማው ዓይነት ፌንጣ ነው፤ ደርቆ ሲመዘን ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው።

አረባቡም ቀላል ነው። ግድግዳው ለስላሳ የሆነ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ይዘጋጃል፤ ፌንጣው በለስላሳ ነገር ላይ መውጣት አይችልምና። አፉ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል፤ ለመደበቂያ የእንቁላል ካርቶን ይገባለታል። ምግቡ ፉርሽካና የጎመን ቅጠል ነው፤ መድኃኒት የተረጨበት ቅጠል ግን ይገድለዋል። ውሃው እንዳያሰምጠው በረጠበ ጥጥ ይቀርብለታል፤ እንቁላሉን የሚጥልበት እርጥብ አሸዋም ያስፈልጋል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ለአቅመ መራባት ይደርሳል። ገደብ ቀዝቃዛ አገር ስለ ሆነ ዕቃው ጭስ በማይደርስበት ሙቅ ስፍራ መቀመጥ አለበት። ወንዱ ሴቲቱን ለመጥራት ክንፉን እያፋተገ ሌሊቱን ስለሚጮህ ከመኝታ ቤት ቢርቅ ለባለቤቱ ይሻላል!

እኔ ሕዝቡ ፌንጣ ይብላ አልልም፤ ልማድ በደብዳቤ አይለወጥም። ዶሮ ግን ፌንጣ ስታይ እንዴት እንደምትሮጥ ያላየ የለም። ፌንጣው ደርቆና ተፈጭቶ ከመኖዋ ጋር ቢቀላቀልላት፥ እንቁላሏን ማን ይጠየፋል?

ስለዚህ የዲላ ዩኒቨርሲቲና የእርሻ ባለሙያዎች ከውጭ ነፍሳት ሳያስገቡ የአገሩን ፌንጣ በመያዝ፥ መጀመሪያ ሞቅ ባለችው በዲላ፥ ቀጥሎም በጎቲቲ በጥቂት ቤቶች ቢሞክሩትና ወጪውን ከገቢው ጋር ቢያመዛዝኑት መልካም ነው። ካላዋጣ ይቅር፤ ካዋጣ ግን ለእናቶች ይሰጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ