ያልተቆጠረችው ጊምቢቹና የቦታ ገበያዋ

በሀዲያ ዞን፣ በሶሮ ወረዳ በምትገኘው ጊምቢቹ ከተማ ቦታ የሚፈልግ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ቦታው ከከተማው ክልል ውስጥ ነው ወይስ ከገጠር ቀበሌ? በደላላ አፍ ሁለቱም «ቦታ» ይባላሉ። በሕግ ፊት ግን አይገናኙም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። በከተማ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የሊዝ መብትና በቦታው ላይ ያረፈው ቤት ነው። በከተማ ዳር ማሳውን «ሸጥኩ» ብሎ በሦስት ምስክር የሚፈርም ገበሬ ግን ያልተሰጠውን መብት ነው የሚያስተላልፈው። የከተማው ፕላን ሰፍቶ ማሳው ሲካለል የካሳው ባለመብት ባለይዞታው ገበሬ ነው፤ ገዢው በእጁ የሚቀረው ካርታ ሳይሆን ወረቀት ነው። ብዙ የጨረቃ ቤት ክርክር የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ታዲያ መስመሩ ማን ዘንድ ይገኛል? በደቡብ ከተሞች አሠራር አንዲት አነስተኛ ከተማ በወረዳው ሥር ሆና በማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ ትመራለች። ስታድግ የራሷ ምክር ቤት፣ ከንቲባና በጀት ያላት የከተማ አስተዳደር ትሆናለች። ጊምቢቹ የወረዳው መቀመጫ ስትሆን የራሷም የከተማ አስተዳደር አላት። ስለዚህ የከተማውን ቦታ ጉዳይ የሚያየው የከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ ከወሰኑ ውጭ ያለውን ደግሞ ወረዳው ነው። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ከተማ በመቀመጣቸው ከውጭ የመጣ ገዢ ቢያምታታቸው አይፈረድበትም፤ ደላላው ግን ያውቃል።

ከተማን ከደረጃ ወደ ደረጃ ከሚያሻግሩት ነገሮች ዋነኛው የሕዝብ ቁጥር ነው። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ምዕራብ ሶሮ ያልተነጠለው የሶሮ ወረዳ 188,858 ሕዝብ ሲኖረው በከተማ የሚኖረው 10,975 ብቻ ነበር፤ ይህም ጊምቢቹንና ጃጁራን አንድ ላይ ይዞ ነው። በመላው ዞን ከተቆጠሩት 134,041 የከተማ ነዋሪዎች ውስጥ 69,995ቱ የሆሳዕና ነበሩ፤ ሾኔን፣ ጊምቢቹንና ሌሎቹን ትናንሽ ከተሞች በሙሉ 64 ሺህ ያህል ሰው ተካፈላቸው ማለት ነው።

ሆሳዕና በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 31,701 ሰው ነበራት። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በየዓመቱ ከ6 በመቶ በላይ አድጋለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በሆሳዕና ቦታ የተወደደበት ገንዘብ ወደ አጎራባች ከተሞች ዓይኑን ማማተሩ አይቀርም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ በ2011 ዓ.ም. እንኳ ቀኑ ከተቃረበ በኋላ ነው የተላለፈው። በመሆኑም የበጀት ድጎማ ሲደለደል ከዋና ዋናዎቹ መለኪያዎች አንዱ የሆነው የሕዝብ ቁጥር ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ በሚሰላ ትንበያ ላይ ተንጠልጥሏል። ከተነበየላት በላይ ያደገች ከተማ ለመንገዷና ለውኃዋ የሚደርሳት ከድርሻዋ ያንሳል።

ቆጠራ ቢካሄድም እንኳ የማይዘው አንድ ነገር አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ቆጠራ የሚመዘግበው በቤቱ የሚኖረውን ሰው ስለሆነ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ልጅ በአባቱ ቤት አይቆጠርም፤ የላከው ገንዘብ ግን በአባቱ ቀዬ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይገዛል። የቦታ ተፈላጊነትን በነዋሪ ብዛት ብቻ የሚገምት ባለሀብት በእነዚህ ከተሞች ሒሳቡ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም አለ፤ ገንዘቡ የተሰደደው ልጅ ሲሆን ቦታውን የሚያየው፣ የሚዋዋለውም ወንድም ወይም አጎት ነው። የከተማውን መዝገብ ሳያገላብጥ የሚፈርመው በአብዛኛው እንዲህ ያለው ገዢ ነው።

የከተማው አስተዳደር ከድጎማ ሌላ የሚተማመነው በራሱ ገቢ፣ ማለትም በሊዝ፣ በቦታ ኪራይና በልዩ ልዩ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ክፍያዎች ላይ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. ያፀደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ በከተማ ቦታና ሕንፃ ላይ ታክስ ለመጣል በር ከፍቷል። ይህ ታክስ ጊምቢቹ ሲደርስ ለድጎማው ቀመር ያልታየው ቤት ሁሉ ለግብር ሰብሳቢው ይታያል። ካርታ ያለው ባለይዞታ ሒሳቡን ከአሁኑ ቢይዝ ይሻለዋል፤ በገበሬ ማሳ ላይ የሠራው ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን ሰነድ እንደሠራ ነው።