ቆሞ የከሰረ ሕንፃ

አንድ ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥን ተቋቋመ ሲባል ብዙዎቻችን የምንረዳው አለመፍረሱን ነው። ለባለሀብቱና ለአበዳሪው ባንክ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ሕንፃው በማግሥቱ ኪራይ ያስገባል ወይ?

በኒውዚላንድ የምትገኘው የክራይስትቸርች ከተማ መልሱን በውድ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 በከተማዋ አጠገብ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ 185 ሰዎችን ገደለ። በዕለቱ ሳይፈርሱ ከቆሙት ትላልቅ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ዘመው ወይም ተሰነጣጥቀው በመቅረታቸው ኋላ በማሽን ፈርሰዋል። ከከተማዋ ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ የነበረው ግራንድ ቻንስለር ሆቴልም ዕጣው ይኸው ሆነ። በዚያው ከተማ የሚገኘው የሳውዘርን ክሮስ ሆስፒታል ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ግን ቀላል ጉዳት ብቻ ነበር የደረሰበት።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው?

በተለመደው ሕንፃ የመንቀጥቀጡን ኃይል የሚያበርደው በቢሙና በኮለኑ መጋጠሚያ ያለው ፌሮ ነው። ፌሮው ከልኩ በላይ ከተለጠጠ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሕንፃውም እንደዘመመ ይቀራል። የሆስፒታሉ ሕንፃ ግን ወደ ቦታው እንዲመለስ ታስቦ የተሠራ ነው። ቢሙን ከኮለኑ፣ ግድግዳውን ከመሠረቱ የሚያያይዘው በኃይል የተወጠረ የብረት ገመድ ነው። መሬት ሲናወጥ መጋጠሚያው ጥቂት ይከፈታል፤ ገመዱ ደግሞ እንደ ላስቲክ ስቦ ይዘጋዋል። ኃይሉን ለማብረድ የሚገቡት ሌሎች ብረቶች ናቸው።

ስለዚህ መሐንዲሱ ሁለት ቁጥሮች አስቀድሞ መገመት አለበት። አንደኛው ሕንፃው ሲወዛወዝ እስከ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ምን ያህል ዘሞ እንደሚቀር ነው። በጃፓን የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዘሞ የቀረው ከቁመቱ 0.5 በመቶ ካለፈ ከመጠገን ይልቅ አፍርሶ መሥራት ያዋጣል። ይህም 3 ሜትር ከፍታ ባለው አንድ ፎቅ ላይ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ማለት ነው! ወደ ቦታው የሚመለሰው ሕንፃ ሁለተኛውን ቁጥር ወደ ዜሮ ያወርደዋል።

ችግሩ የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው። የሩቅ መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ብዙ ጊዜ እያመላለሰ ይንጠዋል። ከመሬት ስንጥቅ አጠገብ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በኖርዝሪጅና በ1995 በኮቤ እንደታየው፣ ኃይሉ በአንድ ወይም በሁለት ትላልቅ ግፊቶች ተጠቅልሎ ሊደርስ ይችላል። የተለመደው ስሌት ሕንፃው ምንም ባይጎዳ ኖሮ የሚሄደውን ያህል ይሄዳል ብሎ ይነሣል። የሕንፃው አንድ ውዝዋዜ ከግፊቱ ባጠረ ጊዜ ግን ይህ ስሌት ያሳንሳል። ወደ ቦታው የሚመለሰው ሕንፃ ደግሞ ከተለመደው ያነሰ ኃይል ስለሚያበርድ ይበልጥ ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም መሐንዲሶች የሁለቱን ጊዜ አነጻጽረው ማባዣ ያወጣሉ። ለምሳሌ በተለመደው ስሌት 20 ሳንቲ ሜትር የተገኘ እንደሆነና ማባዣው 1.5 ቢሆን፣ ሕንፃው 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።

እነዚህ 10 ሳንቲ ሜትሮች ገንዘብ ናቸው። ካልታሰቡ ሕንፃው ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል፤ መስታወቱ ይረግፋል፤ የሊፍቱ ሐዲድ ይጣመማል። ገመዱም ከልኩ በላይ ከተለጠጠ ውጥረቱን ያጣል፤ ያን ጊዜ የተከፈለበት ጥቅም ይቀራል። ያለ ልክ አብዝቶ መገመትም የብረት ወጪውን በከንቱ ያንረዋል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። አዲስ አበባ የደረሰው የሩቅ ንዝረት ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ላሉት እንደ አዳማና አዋሽ ላሉ ከተሞች ግን ስንጥቁ የቅርብ ጎረቤት ነው። የአሜሪካ የግንባታ ደንብ መጠኑ 7 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ከሚችል ስንጥቅ በ15 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን ቦታ «ቅርብ» ይለዋል።

እንግዲህ በዚያ መስመር ሕንፃ የሚገዛም ሆነ የሚያሠራ ባለሀብት «ይፈርሳል ወይ?» ብሎ ብቻ አይለፍ። ስንጥቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ሕንፃው ስንት ሳንቲ ሜትር ይሄዳል? ስንትስ ዘሞ ይቀራል? ለሦስቱም ቁጥር ይዞ የሚመልስ መሐንዲስ ዋጋው ቢወደድም አይከብድም።