የጓሮ የዓሣ ኩሬን መልክ ማሳመር፦ ለመተማና ለአካባቢው ቆላ ነዋሪዎች

ጓሮዎ ውስጥ የዓሣ ኩሬ ካለዎት ሚያዝያ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ውሃው ይወፍራል፣ ይሸታል። ዳሩ ይሰነጠቃል። ዓሣው መኖሩም አይታይም። ይህን ለማስተካከል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጌጥ መግዛት ነው። ጌጡ ግን ይቆይ። የኩሬውን መልክ የሚያበላሸውና ዓሣውን የሚያፍነው ነገር አንድ ነው፤ እሱም የውሃው መበላሸት ነው። ውሃው ከተስተካከለ ኩሬው ያምራል፣ ዓሣውም ይፋፋል።

ስሌቱ ግልጽ እንዲሆን ስፋቱ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ እንያዝ። 12,000 ሊትር ይይዛል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 600 ጀሪካን ማለት ነው።

ውሃው ለምን ይደፈርሳል?

መጀመሪያ ቀለሙን ይዩ። ቡናማ ከሆነ ያደፈረሰው የዋልካ አፈር ነው። የዋልካ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ስለሚገፋፉ ቶሎ አይዘቅጡም። አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ አልጌ ነው፤ አልጌ ማለት በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት ናቸው። ፀሐይና የተትረፈረፈ ምግብ ሲያገኙ ይራባሉ።

ትንሽ አረንጓዴነት አይጎዳም፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ አልጌ ይመገባል። መጠኑን ለማወቅ እጅዎን እስከ ክርንዎ ውሃው ውስጥ ይንከሩ። ጣቶችዎ ከታዩ ደኅና ነው። ከጠፉ አልጌው በዝቷል።

ቡናማውን ውሃ እንዴት ላጥራው?

ምንም ያልተቀየጠበት ጀሶ የዋልካውን ቅንጣቶች አያይዞ ወደ ታች ያወርዳቸዋል። መጠኑ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 250 ግራም ገደማ ነው፤ ለምሳሌው ኩሬ 3 ኪሎ ይበቃል። በባልዲ በጥብጠው በመላው ኩሬ ይርጩት። አስቀድመው ግን በአንድ ጀሪካን የኩሬ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምረው ይሞክሩት። ውሃው ከጠራ ኩሬው ላይም ይሠራል።

የሽፈራው ፍሬስ? በሱዳን የዓባይ ዳርቻ ሴቶች የደፈረሰ ውሃ ሲያጠሩበት ኖረዋል። ሆኖም ዱቄቱ ዓሣን ስለሚጎዳ ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥ አይጨምሩት።

አረንጓዴውንስ?

አልጌን የሚቀንሰው ጥላ ነው፤ ጥላ ለዓሣውም ይበጃል። መተማ ላይ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ዓሣው የሚተነፍሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ሌሊት አልጌውም ኦክስጅን ስለሚጠቀም ኦክስጅኑ ክፉኛ የሚያጥረው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሣዎችዎ ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ እየታፈኑ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ውሃ በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል።

ለጥላው ገበያ መውጣት አያስፈልግም። በአገሩ ሽመል አለ። በአራት ቋሚ ላይ የሽመል ዳስ ሠርተው ከኩሬው ግማሽ ያህሉን ይሸፍኑ። በምዕራብ በኩል ያድርጉት፤ የከሰዓት ፀሐይ ነው የሚያቃጥለው። ለጥላ ብለው ኒም ኩሬው አጠገብ አይትከሉ፤ ቅጠሉና ፍሬው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ዓሣ ይጎዳል። ብርብራም እንዲሁ ነው። ጣና አካባቢ አጥማጆች የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር።

ምን ዓይነት ተክል ልትከል?

ቅጠሏ ውሃው ላይ ተኝታ የምታብበው የውሃ አበባ ለዓይን ታምራለች፣ ጥላም ትሰጣለች። ከኩሬው ፊት ከግማሽ በላይ እንድትሸፍን ግን አይፍቀዱላት። ለጥግ ደንገል ያምራል። ሁለቱንም በአሮጌ ባልዲ ውስጥ ይትከሏቸው። ሥራቸው አይሰራጭም፣ ከታች የተነጠፈ ፕላስቲክ ካለም አይበሳውም።

እምቦጭን ግን በፍጹም አያስገቡ። ወይን ጠጅ አበባው ያማልላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ምን እንዳደረገው አገር ያውቃል። ከጓሮዎ በክረምት ጎርፍ ወጥቶ ጓንግ ወንዝ ውስጥ ከገባ ወደ አትባራ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል።

ዳሩ እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ

ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ በቀጥታ በላዩ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ አብሮት ይሰነጠቃል። ከሲሚንቶ ይልቅ ጂኦሜምብሬን ይሻላል፤ ይህ ለውሃ ማቆሪያ የሚነጠፈው ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ለምሳሌው ኩሬ 6 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ይበቃል፤ ታቹንና ጎኑን ለብሶ ዳር ላይ ግማሽ ሜትር ይተርፋል። የተረፈውን በወንዝ ድንጋይ ይጫኑት። ፕላስቲኩ ከፀሐይ ይሸሸጋል፣ ዳሩም ያምራል።

ጠርዙን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉት፤ ከላይ በኩልም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍሩ። ከሰሊጥና ከጥጥ ማሳ የሚመጣ ጎርፍ የተባይ መድኃኒት ይዞ ከገባ ዓሣው በአንድ ሌሊት ያልቃል። ዙሪያውን ያለውን ስንጥቅም ይድፈኑ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ ትጠለላለች።

ኩሬው ወባ አያመጣም?

ዓሣ የሌለበትና ዳሩ ሣር የወረሰው ኩሬ ያመጣል። ትንንሽ ቆሮሶዎች የትንኝ እጭ ይበላሉ፤ ሣሩ ውስጥ የተደበቀውን ግን አያገኙትም። ስለዚህ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ዳሩን በየሳምንቱ ያጽዱ። ሕፃናት ካሉ ደግሞ ኩሬውን በአጥር ይከልሉት።

ስንት ዓሣ ይበቃል?

ለአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት አይብለጥ፤ ለምሳሌው ኩሬ 24 ቆሮሶ ማለት ነው። ከበዙ ኩሳቸው አልጌ ይቀልባል። ቆሮሶ በጥቂት ወራት ውስጥ መራባት ይጀምራል። ውሃው ከጠራ ይህን ማየት ራሱ ደስታ ነው። ወንዱ ራሱና ክንፉ ይቀላል፤ በአፉ ከታች እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ እንዳይበዙ አንድ ሁለት አምባዛ ይጨምሩ፤ ይለቅሟቸዋል። አምባዛ ከዚያ ከበዛ ግን ጭቃውን እያመሰ ውሃውን ያደፈርሳል።

ሲቀልቡ ዓሣዎቹ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ ይስጡ። ፉርሽካና የሰሊጥ ፋጉሎ ይስማማቸዋል። የተረፈ እንጀራ መድፋት ግን ኩሬውን ያገማዋል።

ወጪው ምን ያህል ነው?

ትልቁ ወጪ ውሃ ነው። በሞቃት ወራት በቀን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ቢተን ከምሳሌው ኩሬ 96 ሊትር ይሄዳል፤ በቀን አምስት ጀሪካን ማለት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ከታች የተኛውን ዝቃጭ በጎማ ስበው አሥር ጀሪካን ያህል ያውጡ። ይህ ውሃ ማዳበሪያ ስለሆነ ለፓፓያና ለማንጎ ያጠጡት። በድምሩ በሳምንት 45 ጀሪካን መተካት አለብዎት። በሰፈርዎ የጀሪካን ዋጋ ያባዙት። ውጤቱ ከከበደዎት ኩሬውን ያሳንሱት፤ ትንሽና ጥሩ ኩሬ ከትልቅና ከቆሸሸው ያምራል።

ክረምት ግን ውሃው በነፃ ይመጣል። በ40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,200 ሊትር ይሆናል። አሸንዳ ገጥመው ወደ ኩሬው ይምሩት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት በርሜል አንድ ሁለት ቀን ያሳድሩት።

ገንዘብዎ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከዳሱ ይጀምሩ። ጥላው አልጌውን ይቀንሳል፣ ውሃውን ከመትነን ያድናል፣ ዓሣውንም ያስተነፍሳል። ድንጋዩና አበባው ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።